የውሃን መርዛማነት በብርሃን ሰጪ ባክቴሪያ መመርመር

አሊቪብሪዮ ፊሸሪ የተባለው የባሕር ባክቴሪያ ጤናማ ሳለ ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ መርዝ ሲነካው ይደበዝዛል። በአይኤስኦ 11348 ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚለካው ይህ መደብዘዝ ነው። ችግሩ፣ ብርሃኑን የሚቀንሰው መርዝ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጨውና ሙቀት ካልተጠበቁ ንጹሕ ውሃም መርዛማ መስሎ ይታያል።

ናሙናውን በመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያቆዩ፤ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመርምሩ። ድፍርስ ከሆነ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዝቃጩን በሚለይ መሣሪያ) ያጥሩት። የክሎሪን ቅሪት ካለበት በሶዲየም ታዮሰልፌት ያስወግዱ፤ አለዚያ የሚለኩት የክሎሪኑን ጉዳት ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 በታች ወይም ከ8.5 በላይ ከሆነ ወደ 7 ያምጡት። ማስተካከሉ ብረቶችን ሊያዘቅጥና መርዛማነቱን ሊደብቅ ስለሚችል ያልተስተካከለውንም ጎን ለጎን መሞከር ይበጃል። በመጨረሻ በሊትር 20 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ (ጨው) ይጨምሩ። ጨው ሲያንስ ውሃ ወደ ሴሉ ሰርጎ ያፈነዳዋል።

በቅዝቃዜ የደረቀውን ባክቴሪያ ከማቀዝቀዣ እንዳወጡ አምራቹ ያዘዘውን ቀዝቃዛ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ያፍስሱበት፤ ጠብ ጠብ ካደረጉት ሴሎቹ ይጎዳሉ። ከዚያ አምራቹ በሚያዘው መጠን ያቅጥኑት።

በየቱቦው 0.5 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያ ጨምረው በ15 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያሳርፉ። የመነሻ ብርሃኑን በሉሚኖሜትር (በብርሃን መለኪያ መሣሪያ) ይመዝግቡ፤ ወዲያው በ15 ዲግሪ የቆየ 0.5 ሚሊ ሊትር ናሙና ይጨምሩ። ለማነጻጸሪያው ቱቦ ጨዋማ ውሃ ብቻ ይግባ። ሁሉንም በሁለት በሁለት ቱቦ ይሥሩ። ናሙናውን ሲጨምሩ ከቱቦ ወደ ቱቦ 20 ሰከንድ ከጠበቁ ሲያነቡም ያው 20 ሰከንድ ይሁን። ከ5፣ ከ15 እና ከ30 ደቂቃ በኋላ ያንብቡ፤ ፌኖል የተባለው ኬሚካል ቶሎ ይሠራል፣ ብዙዎቹ ብረቶች ግን ጊዜ ይወስዳሉ።

የማነጻጸሪያው ብርሃን ከ1000 ወደ 900 ቢወርድ ማረሚያው (የናሙናው መነሻ ብርሃን የሚባዛበት ቁጥር) 0.9 ነው። ናሙናው ከ950 ቢነሳ የሚጠበቀው 855 ነው፤ 513 ከተነበበ ብርሃኑ 40 በመቶ ታግዷል። ማረሚያው ከ0.6 እስከ 1.8 ካልሆነ ውጤቱን ይጣሉት። ባክቴሪያው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ በቱቦው ውስጥ በሊትር 2.2 ሚሊ ግራም ዚንክ በ30 ደቂቃ ከ20 እስከ 80 በመቶ ማገድ አለበት።

ናሙናው በቱቦው ውስጥ በግማሽ መቅጠኑን ሪፖርቱ ላይ ይጻፉ። ቀለም ያለው ውሃ ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጥ በጣም አቅጥነው ይድገሙት። የዚህ ምርመራ ውጤት ስለ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ምንም አይናገርም፤ ለእነሱ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።