ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈራን ታካሚ በሄድፎን፣ በስልክና በቪአር መነጽር እንዴት ማረጋጋት ይቻላል?

ተራውን የሚጠብቅ ታካሚ ዓይኑ ከበሩ አይነሳም። ሆዱ ባዶ ነው፣ ልብሱን ቀይሯል፣ ስልኩን ለቤተሰቡ ሰጥቷል። ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬም በአብዛኛው እዚህች ሰዓት ላይ ነው። ሙዚቃውንም፣ መቼ ማስገባትና መቼ ማስወጣት እንዳለበት ለታካሚው የሚመራውን የአተነፋፈስ መተግበሪያም፣ ዓይንን ሸፍኖ ሌላ ቦታ ያሉ የሚያስመስለውን ቪአር መነጽርም ሞክሬያለሁ። አሰጣጡን ካወቃችሁበት ይረዳሉ።

መጀመሪያ ጠይቁ። «ፍርሃትዎን ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» በሉና ቁጥሩን ጻፉት። ቀጥላችሁ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራውን ጠይቁ። አንዱ «ከማደንዘዣው ባልነቃስ?» ይላል። ሌላው የሚፈራው መሃል ላይ መንቃትን ነው። እንዲህ ላለው ጥያቄ ሙዚቃ መልስ አይሆንም። መጀመሪያ የማደንዘዣ ባለሙያው ያናግረው።

ዕቃውን አዘጋጁ። ቻርጅ አድርጉ፣ በፀረ ጀርም ጥረጉ፣ የምትጠቀሙበትን ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። የምታሰሙትን አስቀድማችሁ አውርዱ። በነጻ መተግበሪያ መሃል ማስታወቂያ ሲጮህ፣ ገና መረጋጋት የጀመረ ሰው ክው ይላል። የውጭ ድምፅ ጨርሶ የሚዘጋ ሄድፎን አልወድም። ታካሚው ስሙ ሲጠራ መስማት አለበት።

ሙዚቃውን ታካሚው ይምረጥ። እናንተን የሚያረጋጋ ዘፈን ለእሱ የሐዘን ትዝታ ሊሆን ይችላል። ምርጫ ከሌለው በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው፣ ግጥም የሌለው ለስላሳ ሙዚቃ ይሁን። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

አተነፋፈሱን ቀስ ብላችሁ አስጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። አንዲት በጣም የፈራች ታካሚ መተግበሪያውን ከፍቼ ሰጠኋትና «በጥልቀት ይተንፍሱ» ብያት ወደ ሌላ አልጋ ሄድኩ። ስመለስ ጣቶቿና ከንፈሯ ደንዝዘዋል፣ ራሷን ያዞራታል። «ልቤ ሊቆም ነው» አለችኝ። የፈራ ሰው «በጥልቀት» ሲባል በጥልቀትም በፍጥነትም ይተነፍሳል። ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰውነቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ መደንዘዙና ማዞሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ቀስ ብዬ ስተነፍስ ተመለሰላት። ግን ያን ሁሉ ፍርሃት የጨመርኩባት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ «በጥልቀት» አልልም። «ቀስ ብለው፣ አወጣጡን ያስረዝሙት» እላለሁ። የመጨረሻው ግብ በአፍንጫ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት ነው፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። ረጅሙ አወጣጥ የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። ነገር ግን ከዚህ አትጀምሩ። የታካሚውን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ተመልከቱ፣ መተግበሪያውንም ወደ እሱ ፍጥነት አስጠጉት። 2 አስገብቶ 3 ማስወጣት ሊሆን ይችላል። ሲለምደው በየጥቂት ትንፋሹ ጨምሩለት። ትንፋሽን ይዞ መቆየት ያለባቸውን ልምምዶች ለሚፈራ ሰው ባትሰጡ ይሻላል፤ አየር ያጠረው ይመስለዋል። የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበትን አታስገድዱ። 5 ደቂቃ በቂ ነው፤ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቤቱ ከተለማመደው ደግሞ በጣም ይቀለዋል።

ቪአር መነጽር ካላችሁ የሚጥል በሽታ እንዳለበትና በመኪና ጉዞ ያቅለሸልሸው እንደሆነ ሳትጠይቁ አታድርጉለት። የማይንቀሳቀስ ምስል ምረጡ። ዓይኑ ስለተሸፈነ ድንገት የሚነካው እጅ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ በስሙ ጠርታችሁ «ቀኝ እጅዎን ልይዝ ነው» በሉት፤ መርፌ ከሆነማ የግድ ነው። እጁን ካነሳ ወዲያው እንደምታወልቁለትም ቃል ግቡለት። ብዙዎቹ አያነሱም፤ ማንሳት እንደሚችሉ ማወቃቸው ብቻ ያረጋጋቸዋል።

በጊዜው አውልቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር መሠረት፣ ታካሚው ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ማንነቱን፣ የሚሠራበትን የሰውነት ክፍልና ፈቃዱን በራሱ አንደበት ያረጋግጣል። በዚያ ሰዓት ጆሮውም ዓይኑም ነጻ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው እንዲቀጥል ከፈለገ የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠይቁለት።

ከማውለቃችሁ በፊት ቁጥሩን እንደገና ጠይቁ። 9 የነበረው 8 ላይ ከቀረ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት። መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ውሳኔው የባለሙያው ነው። እስኪመጣ ድረስ ግን ሄድፎኑን አስቀምጡና እጁን ያዙት።