ሰንትራል ኤሲ ለማስቀየር ከመፈረማችሁ በፊት፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ቤት ለገዛችሁ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሲሞቀው መስኮት ይከፍታል፣ ማታ ጋቢ ይደርባል፤ አለቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የመጀመሪያው ጁላይ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ከሙቀቱ ይልቅ እርጥበቱ ይብሳል፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ልጆች አይተኙም። ኤሲው እንዲህ ባለ ቀን ሲቆም የመጣው ሰው የሚሰጣችሁን ወረቀት ሳታነቡ ትፈርማላችሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያች ፊርማ እንዳትቸኩሉ ነው።

እኔ ላይ ደርሷል። ታውንሃውሱን በገዛን በሁለተኛው ዓመት ውጭ ያለው ማሽን እያጉረመረመ ከላይ ያለው ፋን አልዞር አለ። የደወልኩለት ድርጅት የላከው ሰው አሥር ደቂቃ ያህል አየውና «አርጅቷል፣ ሙሉው ይቀየር» ብሎ 14,600 ዶላር ጻፈልኝ። ያንኑ ዕለት ከፈረምኩ 1,000 እንደሚቀንስልኝም ነገረኝ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ቤዝመንት ወርዳ ነበር፤ እውነት ለመናገር እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ነበር። ማታ ግን የእድራችን አባል የሆነ የሙያው ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ አለልኝ። መብራቱን አጥፍቶ የጎን ክዳኑን ፈታና የቢራ ጣሳ የምታክል ብርማ ነገር አወጣ። አናቷ አብጧል። «ካፓሲተሯ ናት» አለኝ፤ ሞተሮቹን የምታስነሳዋ ዕቃ ማለቱ ነው። ዋጋዋ መቶ ዶላር አይሞላም። ያ «አርጅቷል» የተባለ ማሽን ከዚያ በኋላ አራት በጋ ሠራ። (ራሳችሁ ግን እንዳትነኩት፤ ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል።)

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው ዕቃ ነው የተበላሸው? አሳየኝ» ብላችሁ ነው። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሌሎች ድርጅቶች መጥተው ዋጋ በጽሑፍ ይስጧችሁ። መቀየር የሚያዋጣበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) ከሞተ፣ ኮይሉ (የሚያቀዘቅዘው ጋዝ የሚዞርበት የቱቦ ጥቅል) ተበስቶ ጋዝ የሚያፈስ ከሆነ፣ በተለይም ማሽኑ አር-22 በሚባለው የድሮ ጋዝ የሚሠራ ከሆነ። አር-22ን አሜሪካ ውስጥ ማምረትም ማስገባትም ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የተረፈው ውድ ነው። የጋዙ ዓይነት ውጭ ባለው ማሽን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ተጽፏል፤ ወጣ ብላችሁ አንብቡት። የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። በጽሑፍ አሳውቁት፣ ከኪሳችሁ አታውጡ።

ለመቀየር ከወሰናችሁ ከብራንዱ በላይ የሚያስጨንቃችሁ መጠኑ ይሁን። 1 ቶን ሲሉ ክብደት አይደለም፤ ማሽኑ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ሙቀት ከቤት ያወጣል ማለት ነው። የሞዴል ቁጥሩ መሃል 024፣ 030፣ 036 የሚሉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ለ12 ስታካፍሉት ቶኑ ይወጣል፣ 036 ማለት 3 ቶን ነው። እኛ ድግስ ስናስብ ከሚያንስ ይትረፍ እንላለን፣ ኤሲ ላይም «ትልቁን አምጣልኝ» የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። እዚህ አገር ሙቀት ላይ ግን ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ማሽኑ ከአየሩ ላይ ውኃውን የሚያወጣው ቀዝቃዛው ኮይል ላይ አየር ረዘም ላለ ጊዜ ሲያልፍ ነው። ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ ቤቱን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ቴርሞስታቱ 72 ይላል፣ አንሶላው ግን እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ቤዝመንቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። መነሳትና መቆሙ ኮምፕረሰሩንም ይጎዳዋል። ትክክለኛው ባለሙያ የክፍሎቹን ስፋት፣ የመስኮቶቹን አቅጣጫ፣ የጣሪያውን ኢንሱሌሽን ለክቶ ማኑዋል ጄ የሚባለውን ስሌት ይሠራል። ወረቀቱን ጠይቁት። የድሮውን ማሽን አይቶ «ያንኑ እተካለሁ» የሚለውን ሰው እኔ አልቀጥረውም።

የላይኛው ፎቅ የሚሞቃችሁ ከሆነም ችግሩ ብዙ ጊዜ ዳክቱ (አየሩን ወደ ክፍሎቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ላይ ነው፤ የሚያፈስበትን እንዲያዩላችሁ አድርጉ። እናቶቻችን ደግሞ «ንፋስ ይመታኛል» ብለው የአየር መውጫዎቹን በጨርቅ ይደፍናሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፣ እናቴም ታደርገው ነበር። ነገር ግን መውጫው ሲበዛ ሲደፈን አየሩ ይታፈናል፣ ፋኑ ይጨነቃል፣ ኮይሉም በረዶ ሊሠራ ይችላል። አልጋውን ማዞር ወይም ንፋሱን ወደ ጣሪያ የሚመልስ ፕላስቲክ መግጠም ይሻላል። አየር የሚገባበትን ትልቁን ወንፊት በሶፋ አትከልሉት።

ሻጩ ሊያምታታችሁ የሚችልባቸው ነገሮች አሉ። ለዓመታት የተለመደው ጋዝ አር-410ኤ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ የሚመረቱት አዲስ የቤት ሲስተሞች ግን አር-454ቢ ወይም አር-32 ይጠቀማሉ። በቤታችሁ ያለው በ410ኤ የሚሠራ ከሆነ ሕግ አውልቁት አይላችሁም፣ መጠገኛ ጋዙም ይሸጣል። ስለ ቁጠባ ሲነሳ ሲር2 የሚባል ቁጥር ትሰማላችሁ፣ ከፍ ሲል መብራት ይቆጥባል፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከ45,000 ቢቲዩ በታች ለሆነ ሰንትራል ኤሲ ዝቅተኛው 14.3 ነው። ለክረምቱም የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ ዋጋውን አብራችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ አካባቢ አየር ይሆናል። «መንግሥት ከታክስ ይመልስልዎታል» ካሏችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ለቤት ባለቤት ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ከ2025 በኋላ ለሚገጠም ቀርቷል። የመብራት ድርጅታችሁ የሚመልሰው ገንዘብ ካለ ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ላይሰንስ ማየት ነውር አይደለም። ቨርጂኒያ ዲፒኦአር (የሙያ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት)፣ ሜሪላንድ የኤችቫክ (የማሞቂያና ማቀዝቀዣ) ኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ታገኙታላችሁ። ጋዙን የሚነካው ሰውም የኢፒኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። ፐርሚት ከካውንቲው የሚያወጣው ኮንትራክተሩ ይሁን፤ «ያለ ፐርሚት በርካሽ እሠራለሁ» የሚል ወገን ቢሆንም እሺ አትበሉ፣ ቤቱን ስትሸጡ ዞሮ ይመጣባችኋል። ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ አትክፈሉ። የመጨረሻውን ክፍያ ኢንስፔክሽኑ እስኪያልፍ ያዙት። ወርሃዊ ክፍያው ትንሽ መስሎ የሚታየውን ፋይናንስ ደግሞ በጠቅላላ ስንት እንደሚሆን አስደምሩ፤ ካፓሲተር ተበላሽቶ የአሥር ዓመት ዕዳ መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፈርማችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ቤታችሁ ድረስ መጥቶ የሸጠላችሁን ውል እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ እንድትሰርዙ የሚፈቅድ የፌዴራል ደንብ አለ። ለአስቸኳይ ጥገና ራሳችሁ የጠራችሁት ሲሆን ላይሠራ ይችላል፣ ለጥገና መጥቶ ሌላ ነገር ከሸጠላችሁ ግን ያ ተጨማሪው በደንቡ ይሸፈናል። ስረዛውን በጽሑፍ አድርጉት።

የሚገጠምበት ቀን ቤት ሁኑ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ መለኪያው ከ500 ማይክሮን (የቫክዩም መለኪያ ነው) በታች ወርዶ እዚያው ሲቆይ አሳዩኝ በሏቸው። የኮይሉ ውኃ የሚወርድበት ቱቦ ሲደፈን ማሽኑን የሚያጠፋ ስዊች መኖሩንም እዩ፤ በተለይ ማሽኑ ጣሪያ ሥር ከሆነ ኮርኒሳችሁን የሚያድናችሁ እሱ ነው። ዋራንቲውን በማግስቱ አስመዝግቡ። ብዙ አምራቾች በ60 ወይም በ90 ቀን ውስጥ ካላስመዘገባችሁ የዕቃውን ዋስትና ያሳጥሩታል።

የፊልተሩን ነገር አደራ። ጎረቤቶቻችን በሦስት ወር ቢቀይሩ ይበቃቸው ይሆናል። እኛ ቤት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቁሌቱ ሰዓታት ይንተከተካል፤ ከፋሲካ በኋላ ያወጣሁት ፊልተር ቡናማ ሆኖ ቅባቱ እጄ ላይ ቀርቷል። በየወሩ አውጥታችሁ ወደ አምፖል ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። መጠኑ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ስትመልሱት ቀስቱ ወደ ማሽኑ ያመልክት።