ዘይት ሲቀይሩ አሮጌውን ኦሪንግ አይርሱ
እንደ አንዳንድ የቶዮታ ራቭ ፎር ሞዴሎች ያለ፣ የወረቀት ፊልትሮው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ መኪና ካለዎትና ዘይቱን በግቢዎ ውስጥ ራስዎ የሚቀይሩ ከሆነ፣ አዲሱን ፊልትሮ ከማስገባትዎ በፊት አሮጌው ኦሪንግ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) መውጣቱን የሚቀመጥበትን ቦይ በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ አሮጌውንና አዲሱን ኦሪንግ ደራርቤ በመግጠሜ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በግፊት ወጥቶ የግቢያችንን ሲሚንቶ አልብሶታል። አዲሱን ኦሪንግ ንጹሕ ዘይት ይቀቡት፤ ክዳኑንም መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያዙሩት። በክዳኑ ላይ 25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል ልክ) የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። አዳማ ላይ ነፋሱ አቧራ ስለሚያነሳ፣ የተከፈተውን ቤት በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን በፍጹም አይግቡ።