ከጤነኛና ከታመመ ቲሹ የወጣ ዲኤንኤ ስታወዳድሩ እንዳትሳሳቱ

የካንሰርና የጤነኛ ቲሹ ዲኤንኤ ለምታወዳድሩ ልጆች፣ ጄል (ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ በርዝመት የሚለይ ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ የምታዩት ልዩነት ብዙ ጊዜ የበሽታው ሳይሆን የአያያዝ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የቱመሩ ዲኤንኤ ተበጣጥሶ ሳየው ግኝት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳጣራ ጤነኛው ወዲያው በረዶ ላይ ሲቀመጥ ቱመሩ ጠረጴዛ ላይ ሰዓታት ቆይቶ ነው ለካ።

ስለዚህ ሁለቱንም ከአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ወስዳችሁ በአንድ አይነት መንገድ አስቀምጡ። አንዱ ፍሪዝ ተደርጎ ሌላው ፎርማሊን ውስጥ ከከረመ ማወዳደሩን ተዉት፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል ሳይቶሲን የሚባለውን ፊደሉንም ዩራሲል ወደሚባል ሌላ ፊደል ስለሚቀይረው ሲኩዌንስ ስታደርጉ (ፊደሎቹን በተራ ስታነቡ) የሌለ ሚውቴሽን ያሳያችኋል።

ዲኤንኤውን ስታወጡ ቀዝቃዛ ኢታኖል ጨምራችሁ ቲዩቡን ቀስ አርጋችሁ ስትገለብጡት ዲኤንኤው እንደ ፈትል ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል፣ በቃ እሱን ቮርቴክስ (ቲዩብ በኃይል የሚያናውጥ መሣሪያ) ላይ እንዳታደርጉት፣ ይቆራረጣል።

ናኖድሮፕ (ሳምፕሉ የሚመጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላይ 260/280፣ ማለት በ260 ናኖሜትር የተመጠጠው ብርሃን በ280ው ሲካፈል፣ ወደ 1.8 ከሆነ ንጹህ ነው፣ ዝቅ ካለ ፕሮቲን ወይ ፌኖል አለበት፣ ወደ 2.0 ከተጠጋ አርኤንኤ ሊሆን ይችላል። ግን 1.8 ስላያችሁ አትዘናጉ፣ የተሰባበረ ዲኤንኤም 1.8 ይሰጣል።

መሰባበሩን የሚነግራችሁ ጄሉ ነው፣ 0.8 ፐርሰንት አጋሮዝ ይበቃል፣ ሁለቱን ሳምፕል ጎን ለጎን ጫኑ። ደህናው ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቅ ወፍራም ባንድ ሆኖ ይቀራል። ወደ ታች እንደ ጭስ ከተሳበ ተሰባብሯል። እንደ መሰላል በ180 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ጥንድ አካባቢ እየተራመደ ከወረደ ግን ሴሎቹ በአፖፕቶሲስ (ሴል ራሱን በሥርዓት በሚገድልበት መንገድ) ሞተዋል ማለት ነው፣ ዲኤንኤ ቆራጩ ኢንዛይም በኑክሊዮሶሞቹ (ዲኤንኤው ፕሮቲን ላይ በተጠመጠመባቸው ጥቅሎች) መሃል እየገባ ስለሚቆርጥ ነው። የትልቅ ቱመር መሃሉ ደም ስለማይደርሰው ብዙ ጊዜ የሞተ ነውና ፓቶሎጂስቱን ሕያው ቦታ አሳየኝ በሉት።

ሜልቲንግ (ዲኤንኤን በሙቀት ማላቀቅ) ለምትሠሩ፣ ቀስ እያላችሁ ስታሞቁት የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ሲላቀቁ 260 ናኖሜትር ላይ ያለው ንባብ ወደ 40 ፐርሰንት ያድጋል፣ የጭማሪው ግማሽ ላይ ያለው ሙቀት ቲኤም ይባላል። ጨው ሲቀንስ ቲኤም ስለሚወርድ ባፈሩ (ዲኤንኤው ያለበት ጨዋማ ፈሳሽ) ለሁለቱም አንድ መሆን አለበት፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደግሞ አንድ ሚውቴሽን በሙሉው ጂኖም ቲኤም ላይ አይታይም፣ ከ3 ቢሊዮን ጥንድ አንዷ ናት። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ራሱ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው፣ እንደሱ አይነቱን ለማየት መጀመሪያ ቦታውን ብቻ በፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን ደጋግሞ የሚያባዛ ዘዴ) አባዙትና አጭሯን ቁራጭ አቅልጡ።