የድንች ቅርፊት በቺዝ፦ ሲለሰልስ፣ ሲቀደድ፣ ሲመር ምን ይደረጋል?

ስለዚህ ምግብ መጀመሪያ ለአክስቴ ስነግራት «ልጣጭ? ለእንግዳ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እኛ በምንኖርበት የድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የድንች ልጣጭ የሚጠብቁት የጎረቤት ፍየሎች ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቅርፊት» ማለት ጀመርሁ፤ ስሙ ሲለወጥ እሷም ቀመሰችው። አሜሪካውያን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በየምግብ ቤቱ ያስለመዱት የግብዣ መክፈቻ ነው።

ነገሩ ሲቃና እንዲህ ነው። ለ16 ቁራጭ 8 መካከለኛ ድንች ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቭን ውስጥ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይበስላል። ሩብ ሰዓት ያህል ከበረደ በኋላ በቁመቱ ለሁለት ይከፈልና ውስጡ በማንኪያ ይወጣል። ቅርፊቱ ውስጥም ውጭም ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብቶ፣ ጨው ነስነስ ተደርጎበት፣ በ220 ዲግሪ በሆዱ ተደፍቶ 10 ደቂቃ፣ ተገልብጦ ደግሞ 8 ደቂቃ ይጠበሳል። ከዚያ ቺዙ ይሞላና እስኪቀልጥ 5 ደቂቃ ያህል ይመለሳል። ሲወጣ እርጎና የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል ጣል ይደረግበታል። እንዲህ አልሆን ሲላችሁ ከዚህ በታች የራሳችሁን ችግር ፈልጉ።

ቅርፊቱ ለስልሷል፤ ሲያነሱት ይታጠፋል

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ ይህ ነው። ድንች ከክብደቱ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሸው ያ ውሃ መውጫ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን የት እንዳፈናችሁት መርምሩ። ድንቹን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ኦቭን ከከተታችሁ የጠበሳችሁት ሳይሆን በእንፋሎት የቀቀላችሁት ነው። አጥባችሁ ሳታደርቁ ካስገባችሁም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃውን በማትነን ያልቃሉ። ውስጡን ወፍራም አድርጋችሁ ከተዋችሁ ደግሞ እርጥበቱ ከመሐል ወደ ቅርፊቱ እየመጣ ያለሰልሰዋል።

እኔ የተያዝሁት በሌላ በኩል ነው። ለልጄ ልደት 32 ቁራጭ አዘጋጅቼ፣ እንግዶቹ 10 ሰዓት ይመጣሉ ብዬ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስሁ። እንዳይበርድ ብዬ ትሪውን በፎይል ሸፈንሁት፤ በፎይሉም ላይ ወፍራም ፎጣ ደረብሁ። እንግዳ በድሬዳዋ ፀሐይ በ10 ሰዓት ከቤት አይወጣም፤ ሲመጡ 12 ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፎይሉን ስገልጠው ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ ከታች ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን የተለጠጠ ድንች ጠበቀኝ። ልጆቹ ቺዙን ልሰው ቀሪውን መለሱልኝ።

መፍትሄው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ቅርፊቱን ጠዋት ጠብሳችሁ ጨርሱት፤ አትሸፍኑት፤ ከሥሩ አየር እንዲገባ በሽቦ መደርደሪያ ላይ አሳርፉት። ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ፍሪጅ ይግባ። የምትሞሉት እንግዳው ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ባዶውን ቅርፊት 5 ደቂቃ አሙቁት፤ ከዚያ ቺዙን ጨምራችሁ መልሱት። እርጎው ከኦቭን ከወጣ በኋላ፣ ትሪው ወደ ሳሎን ሲሄድ ይደረጋል። የሱቅ እርጎ ቀጭን ከሆነ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አንጠልጥሉት፤ የሚወርደው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ስታዩ ቅርፊታችሁን ማን እንዳለሰለሰው ይገባችኋል።

ቅቤም ልዩነት ያመጣል። ያልነጠረ ቅቤ ውስጡ ውሃና የወተት ዝቃጭ ስላለው መጀመሪያ ያረጥባል፣ ቀጥሎ ያራል። የነጠረው ንጹሕ ቅባት ነው። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ የፈረንጁን ጣዕም ይለውጣል የሚሉ አሉ። ይለውጠው፤ ተሽሎት ነው።

ውስጡ ሲፋቅ ቅርፊቱ ይቀደዳል

ትኩስ እያለ ፍቃችሁታል፣ ወይም ማንኪያው እስከ ልጣጩ ወርዷል። ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውፍረት ተዉለት። ጣታችሁን ከውጭ አስደግፋችሁ ፋቁ፤ ማንኪያው ሲቀርብ ጣታችሁ ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከተቀደደ ጥፋቱ የድንቹ ነው። ቀፊራ ገበያ ድንች በዝርያ ስሙ አይሸጥም፤ ሻጯ «የሐረማያ ነው» ብላ ትመዝናለች፣ ጉዳዩ ያልቃል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ዱቄታምና ደረቅ ድንች ነው፤ ውሃ የበዛበትና ሲበስል የሚያሟልጨው አይሆንም። ለመለየት በ11 ብርጭቆ ውሃ 1 ብርጭቆ ጨው አሟሙና ድንቹን ጣሉበት። ዱቄታሙ ይሰምጣል፤ ውሃማው ይንሳፈፋል። ብዙ ጨው ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ኪሎ ገዝቶ መፈተን አሥር ኪሎ ገዝቶ ከመጸጸት ይረክሳል። ገና ለጋ የሆነና በአውራ ጣት ሲያሹት ልጣጩ የሚላጥ ድንች ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አትድከሙበት።

ይመራል፤ ጉሮሮ ይከረክራል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ድንች ከሐረማያና ከቁሉቢ በኩል ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሉ በሻጩ ጥላ ይወሰናል። ቀኑን ሙሉ ብርሃን ላይ ተዘርግቶ የዋለ ድንች ልጣጩ ይለመልማል። አረንጓዴው ቀለም ራሱ አይጎዳም፤ አብሮት የሚጨምረው ሶላኒን የሚባለው መርዝ ግን ያማል፤ ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል። ኦቭንም ዘይትም አያጠፋውም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ይህ ነገር የሚከማቸው በልጣጩና ከልጣጩ ሥር ባለው ስስ ክፍል፣ እንዲሁም በበቀሉት ዓይኖቹ ላይ ነው። ወጥ ስንሠራ ያንን ልጠን እንጥለዋለን። በዚህ ምግብ ግን የምንበላው በትክክል እሱን ነው።

ስለዚህ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያየበት ሰው ቆርጦ ቀሪውን ለቅርፊት አያውለው። ትንሽ ከሆነ በጥልቀት ተልጦ ለሌላ ምግብ ይሁን፤ ከበዛ ይጣል። ተጠብሶ ከቀረበ በኋላ ምሬት የተሰማው እንግዳ ካለ «ቃሪያው ይሆናል» ብላችሁ አትሸፋፍኑ፤ ትሪውን አንሡ። ስትገዙ ከላይ የተደረደረውን ሳይሆን ከጆንያው ውስጥ እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ ከፌስታሉ አውጥታችሁ ጨለማና አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡት።

ሳይበስል ጠቆረ፤ ጣፈጠም

ድንቹን ከሙቀቱ ለማዳን ብላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁታል። ቅዝቃዜ የድንችን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩ ደግሞ በኦቭን ውስጥ ፈጥኖ ያራል። ያንን ድንች ለወጥ አድርጉት፤ ለግብዣው ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ግዙ።

ሰዓቱ ሞልቶ መሐሉ አልበሰለም

ይህ አቤቱታ ከሐረር ይበዛል። ጀጎል ውስጥ የምትኖር የአጎቴ ልጅ በእኔ 50 ደቂቃ ሠርታ መሐሉ እንደ ጥሬ ሆኖባት ተቆጥታ ደወለችልኝ። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 1,200 ሜትር አካባቢ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ በ96 ገደማ። ኦቭኑ 200 ዲግሪ ቢሆንም ድንቹ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ መሐሉ ከዚያ ማለፍ አይችልም። የፈረንጅ መመሪያዎች «መሐሉ 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ» ይላሉ፤ ሐረር ላይ ያንን የሚጠብቅ ሰው ድንቹ ከሰል እስኪሆን ይጠብቃል። ሰዓቱንም መለኪያውንም ትታችሁ በቀጭን ቢላ ውጉት፤ ምንም ሳይዝ ከገባ በስሏል። ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን መምረጥም አትርሱ፤ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ የሚሆንበት ትሪ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከፍታው ሳይሆን መብራቱም ሊሆን ይችላል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይደክማል፤ ኦቭኑ በርቶ ይታያል እንጂ አይግልም። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ጥብስ ጠዋት ጨርሱ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ቺዙ አይቀልጥም፤ እንደ አሸዋ ይፈረፈራል

አይብ ሞልታችሁበታል። የእኛ አይብ ቅቤው ወጥቶለት የቀረ አሬራ በእሳት ሲሞቅ የሚረጋ ነው፤ ቅባቱ አስቀድሞ ሄዷል፣ ያረጋውም የራሱ ኮምጣጣነትና ሙቀቱ ነው። እንዲህ የረጋ ነገር እንደገና እሳት ሲያገኝ ውሃውን ይተፋና ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። የሚቀልጡት በኤንዛይም የሚረጉት ናቸው፤ ሞዛሬላ፣ ጎዳ፣ ፕሮቮሎን፣ ሽማግሌዎች በጅምላ ፎርማጆ የሚሏቸው።

ግን አይቡን አታባርሩት። ከተፋቀው የድንች ውስጥ ትንሽ ወስዳችሁ ከአይብ፣ ከንጥር ቅቤና ከደቀቀ ቃሪያ ጋር ለውሱና ከሥር አድርጉት፤ የሚቀልጠውን ቺዝ በላዩ ስስ አድርጋችሁ በትኑ። ድንቹ አይቡን ይይዘዋል፤ ቺዙም በግማሽ ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው አሠራር ይልቅ ይህ ይጥመኛል።

ቺዙ ቀልጦ ዘይት ከለቀቀ ደግሞ አብዝታችሁ አቆይታችሁታል፤ ሲንተከተክ አውጡ። ከከዚራ ሱቅ እስከ ቤት በመንገድ ላይ የለሰለሰ ቺዝ በመፈቅፈቂያው ላይ ከተለጠፈ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይና ይፈቅፈቅ።

ጨው በዝቷል

ቺዙ ጨዋማ ነው፤ ቋንጣ ከነሰነሳችሁበትም እሱም እንዲሁ። ያን ጊዜ ቅርፊቱ ላይ ጨው አትነስንሱ።

ግማሹ ሳይነካ ተመለሰ

ጣዕሙ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካኖቹ አሠራር የአሳማ ሥጋ ይጨምርበታል፤ እኛ ጋ ሙስሊሙም የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም አይበላውምና እሱ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው የሚመጣው በተካው ሥጋ ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱም አንድ ግቢ ይኖራል፣ በሠርግም በለቅሶም አብሮ ይቀመጣል፤ የሥጋ ነገር ሲሆን ግን ያረደው ማን እንደሆነ ሁሉም ማወቅ ይፈልጋል። ቋንጣ በሁሉም ላይ ነስንሳ ያቀረበች ባለቤት፣ «ጠግቤያለሁ» የሚል ጨዋ መልስ ሰምታ ትሪውን ትመልሳለች። ማንም ምክንያቱን አይነግራትም።

ትሪውን ከሥጋ ነጻ አድርጉት። በትንሽ ዘይት ተጠብሶ የደቀቀውን ቋንጣ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ በሁለት ማንኪያ፣ ለየብቻ አስቀምጡና የማን እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሁሉም ለራሱ ይነሰንሳል። ሥጋውን ጨርሶ ለመተው ደግሞ ቀይ ሽንኩርት እስኪጠቁር በዝግታ ጠብሳችሁ ሚጥሚጣ ቆንጠር አድርጉበት፤ ሥጋውን የሚናፍቅ አላየሁም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ቅርፊቱን በዘይት ጠብሳችሁ በአቮካዶና በቲማቲም ሙሉት።

ኦቭን የለኝም

ድንቹን ከነልጣጩ በቢላ እስኪገባ ብቻ ቀቅሉ፤ እንዳይፈነዳ እሳቱ ለስለስ ይበል። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ሳይሸፈን ይደርና ይድረቅ። ጠዋት ከፍላችሁ፣ ፍቃችሁ፣ በጥልቅ ዘይት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጥበሱት። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ንከሩበት፤ ዙሪያውን ደቃቅ አረፋ ከወጣ ደርሷል። ብዙ ምግብ ቤቶችም ቅርፊቱን የሚጠብሱት እንዲሁ በዘይት ነው። ቺዙን ለማቅለጥ በመጥበሻ ደርድራችሁ በትንሽ እሳት ክደኑት፤ ክዳኑ ውሃ ሲያወጣ ጥረጉት።

ከግብዣው የተረፈ

ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሞቃል፣ ቺዝና እርጎ የያዘ ትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆይ። 16ቱን አንድ ጊዜ ከማውጣት ስምንት ስምንት እያደረጋችሁ አቅርቡ። የተፋቀው ውስጥ ግማሽ ድስት ያህል ይሆናል፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ለሳምቡሳ ይበቃል። እሱ የሌላ ቀን ሥራ ነው፤ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል።