ነጭ በማያትም ፕሪንተር ለአውሮፕላን ሞዴል ዲካል መሥራት

ከሞዴል ሳጥን ውስጥ የሚገኘው የዲካል፣ ማለትም በውሃ ተነክሮ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ የታተመ ምልክት፣ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት አውሮፕላኖችን ምልክት ብቻ ይይዛል። ሠሪው በፎቶግራፍ ያየውን፣ የምዝገባ ፊደሉ ወይም የጅራቱ ሥዕል ከሳጥኑ የተለየውን አውሮፕላን መሥራት ከፈለገ ምልክቶቹን ራሱ ማተም ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ ተራ የቤት ፕሪንተር፣ የዲካል ወረቀትና ጥርት ያለ የሚረጭ ቫርኒሽ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን የቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም እንደሌለው ማስታወስ ይገባል። ፕሪንተሩ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁርን እያደባለቀ ይሠራል፤ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቦታ ለእርሱ ምንም ሳይረጭ የሚያልፈው ባዶ ቦታ ነው። በተራ ወረቀት ላይ ይህ አይታወቅም፤ ወረቀቱ ራሱ ነጭ ነውና። በዲካል ላይ ግን ከወረቀት ምርጫ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የብሩሽ ንክኪ ድረስ ሥራውን የሚመራው ይኸው የነጭ አለመኖር ነው።

የዲካል ወረቀት ሦስት ንብርብር አለው። ከታች ውሃ የሚመጥ ወረቀት፣ ከእርሱ በላይ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ፣ ከሁሉም በላይ ምልክቱ የሚታተምበት ስስ ፊልም ይገኛል። ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ ሙጫው ይሟሟና ፊልሙ ምልክቱን እንደያዘ ይንሸራተታል። ፊልሙ ወይ ብርሃን አሳላፊ ወይ ነጭ ይሆናል። የፕሪንተር ቀለም ሳስቶ የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ በአሳላፊ ፊልም ላይ የታተመ ቢጫ በጥቁር አረንጓዴ ክንፍ ላይ ሲለጠፍ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ቀይም በሰማያዊ ላይ ደፍርሶ ይቀራል። ስለዚህ አሳላፊው ፊልም የሚያገለግለው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ምልክት በነጭ፣ በብርማ ወይም በፈዛዛ ግራጫ አውሮፕላን ላይ ሲያርፍ ነው። ደማቅ ወይም ፈዛዛ ምልክት በጠቆረ አካል ላይ የሚያርፍ ከሆነ ነጩ ፊልም ያስፈልጋል፤ እርሱም ልክ በምልክቱ ጠርዝ ላይ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ በዙሪያው የሚተርፈው ቦታ የአውሮፕላኑን ቀለም መስሎ መታተም ይኖርበታል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ አልመክርም፤ የታተመ ቀለምና የተቀባ ቀለም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ልዩነታቸው ከሩቅ ይታወቃል።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛ መንገድ አለ። ክብ የአየር ኃይል ምልክት ለመሥራት በመጀመሪያ ምንም ካልታተመበት ነጭ ፊልም ላይ፣ ስፋቱ ከምልክቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያነሰ ክብ ይቆረጣል። ይህ ነጭ ክብ በሞዴሉ ላይ ተለጥፎ በደንብ ከደረቀ በኋላ በአሳላፊ ፊልም የታተመው ምልክት በላዩ ይቀመጣል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን በጥቂቱ አልፎ ስለሚሸፍነው ነጭ ጠርዝ አይታይም፤ ቀለሙም ይደምቃል። ትዕግሥት ያለው ሰው ከነጭ ዲካል ይልቅ ቦታውን በቴፕ ከልሎ ነጭ ቀለም ቢቀባው የበለጠ ስስ ውጤት ያገኛል። ቀደም ሲል አልፕስ የተባለው ኩባንያ ነጭን በሪባን የሚያትሙ ፕሪንተሮች ይሠራ ነበር፤ ምርታቸው ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ዛሬም ይፈለጋሉ።

ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። ለኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር፣ የተሠራ ወረቀት በምንም ምክንያት ወደ ሌዘር ፕሪንተር መግባት የለበትም፤ ሌዘሩ ቶነሩን፣ ማለትም የቀለም ዱቄቱን፣ የሚያቀልጠው በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ ፊልሙ ቀልጦ ከውስጥ ክፍሉ ላይ ይጣበቅና ማሽኑን ያበላሻል።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ጉዳይ ልክ ነው። የሲቪል አውሮፕላን የምዝገባ ፊደላትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አኔክስ 7 በአውሮፕላን አካልና በቋሚው ጅራት ላይ የሚጻፉ ፊደላት ቁመት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ በክንፍ ላይ የሚጻፉት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይደነግጋል። የፊደሉ ስፋት የቁመቱ ሁለት ሦስተኛ፣ የመስመሩ ውፍረት ደግሞ የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ነው። እንግዲህ 300 ሚሊ ሜትር ለ72 ሲካፈል፣ በ1/72 ስኬል (ሞዴሉ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ሲያንስ) የአካሉ ፊደል ቁመት 4.2 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 2.8፣ የመስመሩ ውፍረት 0.7 ይሆናል። በ1/144 ስኬል ሁሉም በግማሽ ይቀንሳል፤ መስመሩም 0.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ፕሪንተሩ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የሚያትም ከሆነ የአንዱ ነጥብ ስፋት ከ0.04 ሚሊ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ያ መስመር በስምንት ነጥብ ገደማ ይሠራል ማለት ነው፤ ይህም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ግን በ1/72 ሙሉ ቁመታቸው 0.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ መጠን ፊደል መልቀም ድካም ብቻ ስለሆነ ቀጭን የተቆራረጠ መስመር ይበቃል።

ሥዕሉ ሲያድግና ሲያንስ ጠርዙ እንዳይሸራረፍ በቬክተር ፕሮግራም (ሥዕልን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ በሚይዝ) ቢሠራ ይሻላል፤ በነጻ የሚገኘው ኢንክስኬፕ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ከፎቶግራፍ የሚቀዳ ከሆነ ፎቶው በተቻለ መጠን ከጎን ፊት ለፊት የተነሣ መሆን አለበት፤ ሰያፍ ፎቶ ፊደሉን ያጠበዋል። እያንዳንዱን ምልክት ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ደግሞ ልማድ ይሁን፤ አንዱ ሲለጠፍ መቀደዱ የማይቀር ነውና።

ዋናው ወረቀት ከመባከኑ በፊት ሥዕሉ በተራ ወረቀት ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ በቴፕ ሞዴሉ ላይ ተይዞ መታየት አለበት። እኔ ይህን በቸልታ አልፌ አንድ ሙሉ ወረቀት አባክኛለሁ። በማተሚያው መስኮት ላይ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ምርጫ ሳላየው ተመርጦ ስለነበር ሁሉም ነገር በጥቂት በመቶ አንሶ ወጣ፤ ስህተቱን ያወቅሁትም ከአንዱ የአካል መጋጠሚያ መስመር እስከ ሌላው መድረስ የነበረበት ጭረት ሁለት ሚሊ ሜትር ሲጎድል ነው። ከዚያ ወዲህ በገጹ ጥግ ላይ ልክ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር አሰምራለሁ፤ ከኅትመት በኋላ በማስመሪያ ለክቼ ካልተስተካከለ ወደ ዲካል ወረቀቱ አልሻገርም። የፕሪንተሩን የወረቀት ዓይነት ወደ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት፣ ጥራቱን ወደ ከፍተኛው ማድረግም ያስፈልጋል። የፊልሙን ገጽ በጣት መንካት አይገባም፤ የጣት ቅባት ባረፈበት ቦታ ቀለም አይዝም።

የኢንክጄት ቀለም በውሃ ስለሚሟሟ ሳይሸፈን ውሃ ውስጥ ከገባ ምልክቱ ወዲያውኑ ይፈሳል። የታተመው ወረቀት አንድ ሌሊት ይደር፤ ከዚያ ጥርት ያለ አክሪሊክ ቫርኒሽ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይረጭበት። የመጀመሪያው እጅ እንደ ጤዛ እጅግ ስስ መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ የቫርኒሹ ፈሳሽ ራሱ ቀለሙን ያስኬደዋል። በየመካከሉ ሃያ ደቂቃ ያህል እየቆዩ ሦስት ስስ እጅ መርጨት፣ ከዚያም ሙሉ ቀን ማድረቅ ይበቃል። የሌዘር ቶነር ውሃ አይፈራም፤ ሆኖም ፊልሙ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ አንድ ስስ እጅ አይጎዳውም። ከዚህ በላይ መደረብ ግን ዲካሉን ያወፍረዋል፤ ወፍራም ዲካል በአካሉ መስመሮች ውስጥ አይተኛም።

ሞዴሉ በበኩሉ ዲካል ከመቀበሉ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ ሊቀባ ይገባል። ደብዛዛ ቀለም በዓይን የማይታዩ ጉብታዎች አሉት፤ በእነርሱና በፊልሙ መካከል የሚታሰረው አየር ሲደርቅ እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ ይህም ከተከሰተ በኋላ ለማረም ያስቸግራል። በፋብሪካ የተሠራ ዲካል ፊልሙ በየምልክቱ ዙሪያ ብቻ ሲሆን፣ በቤት የሚታተመው ግን ገጹን ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን እያንዳንዱ ምልክት በአዲስ ምላጭ በተቻለ መጠን ተጠግቶ መቆረጥ አለበት።

የተቆረጠው ዲካል በወረንጦ ተይዞ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ይነከራል፤ ከዚያም ወጥቶ ለአንድ ደቂቃ ይቀመጣል። በእርጥብ ብሩሽ ሲነካ ያለ ግፊት የሚንሸራተት ከሆነ ደርሷል፤ ካልሆነ መጠበቅ እንጂ መግፋት አይደለም። ቦታው ላይ ጥቂት ውሃ አድርጎ ዲካሉን ከወረቀቱ በቀጥታ ወደ ሞዴሉ ማንሸራተት፣ ካስተካከሉ በኋላም ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር በጥጥ መምጠጥ ነው። እንደ ማይክሮ ሶል ያሉ ማለስለሻዎች ፊልሙ የአካሉን ቅርጽ እንዲይዝ ይረዳሉ፤ ነገር ግን በቫርኒሽ የተሸፈነ የቤት ዲካል ላይ ያላቸው ጠባይ ስለሚለያይ በትርፍ ቁራጭ ላይ አስቀድሞ መሞከር የግድ ነው። በተለይ የኢንክጄት ዲካል በተቆረጠበት ጠርዝ በኩል ፈሳሹን አስገብቶ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል።

በማግስቱ በዙሪያው የቀረው የሙጫ ነጠብጣብ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሳይጠረግ ከቀረ በቫርኒሹ ሥር ቡናማ ሆኖ ይታያል። በነጭ ፊልም የታተሙት ምልክቶች በዚህ ጊዜ ጠርዛቸው ላይ ክር የመሰለ ነጭ መስመር ያሳያሉ፤ ይህም ፊልሙ የተቆረጠበት ውፍረት ነው። የአውሮፕላኑን ቀለም በጣም አቅጥኖ፣ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠርዙን ብቻ እያስነኩ መሸፈን ይቻላል። ይህ ሲደርቅ መጀመሪያ አንድ እጅ አንጸባራቂ፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑ የሚፈልገው ደብዛዛ ወይም ከፊል አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይረጫል።