ከጎጃም ለመጣችሁ፦ ጂፒ ፊት «ደህና ነኝ» አትበሉ

እንግሊዝ እንደገባችሁ፣ ሳትታመሙ በፊት፣ ጂፒ ዘንድ ተመዝገቡ። ጂፒ የቤተሰብ ሐኪም ነው። ምዝገባውን እንደ ካርድ ማውጣት ቁጠሩት፤ ግን ክፍያ የለውም። የአድራሻ ማረጋገጫም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳየት ግዴታ አይደለም። ሪሴፕሽን ላይ አምጡ ቢሏችሁ መመሪያው እንደማያስገድድ በትህትና ንገሯቸው።

አገር ቤት የለመድነውን አውቃለሁ። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሪፈር ካልተጻፈልን፣ መርፌ ካልተወጋን፣ መድኃኒት በፌስታል ይዘን ካልወጣን የታከምን አይመስለንም። ስለዚህ ጂፒው «ጉንፋን ነው፣ ዕረፉ» ሲለን ናቀን እንላለን። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። አልናቃችሁም። ጉንፋንን አንቲባዮቲክ አያድነውም። ለአብዛኛው ሕመም ወደ ስፔሻሊስት የሚልካችሁም እሱ ነው። ጂፒው የዛሬውን ራስ ምታት ብቻ አይደለም የሚያየው። ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁን፣ እንቅልፍ ማጣታችሁን፣ የስደቱን ጭንቀት ጭምር ለዓመታት መከታተል ሥራዬ ነው ይላል። እኛ ግን አንነግረውም።

አክስቴን ይዤ የሄድኩ ቀን ሐኪሙ እንዴት ነሽ አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። የጎጃም ሰው ሌላ ምን ይላል? አስተርጓሚው በስልክ ያንኑ ተረጎመ። ቀጠሮው ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እኩሌታው በሰላምታ አለቀ። ልትወጣ ስትል «ልቤን ያቃጥለኛል» አለች። ጨጓራዋን ማለቷ ነበር። አስተርጓሚው ግን ልብ ብሎ ተረጎመው፤ እኔም ደንግጬ አላረምኩትም። ደረቷ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ልቧ ተመረመረ። የጨጓራ መድኃኒቷን ያገኘችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የቱ ጋ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ስትበሉ ወይም ስትሠሩ ይብሳል። ቦታውን በእጃችሁ አሳዩ። «ምች መታኝ» ከማለት ትኩሳቱን፣ ራስ ምታቱን ዘርዝሩ። ዳማከሴ ጠጥታችሁ ከሆነም አትደብቁ።

ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነጻ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ። ሴት ሐኪም መጠየቅም ይቻላል። ጥገኝነት ጠያቂዎች «ኤች ሲ ቱ» በሚባለው ሰርተፍኬት መድኃኒት በነጻ ያገኛሉ። ሌሊት ቢያማችሁ 111፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 999 ደውሉ።

የሚመቻችሁን ሐኪም ካገኛችሁ በየቀጠሮው እሱኑ ጠይቁ። አክስቴ እንዲያ አደረገች። በሦስተኛው ቀጠሮ ገና ሳትቀመጥ ሐኪሙ ስለ ጨጓራዋ ጠየቃት። እሷም ያን ቀን ለማንም ነግራው የማታውቀውን የእንቅልፏን ነገር አነሳችለት።